ኤርፖርትና የኪራይ አውሮፕላን እንዴት ይመረጣል? ለግል አብራሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የግል አብራሪነት ፈቃድ እጅ ሲገባ ደስታው ልክ የለውም። ትንሽ ቆይቶ ግን ጥያቄው ይመጣል። ከየት ልነሳ? በምንስ ልብረር? በትምህርት ጊዜ ይሄ የእናንተ ራስ ምታት አልነበረም። ኤርፖርቱ ትምህርት ቤቱ ያለበት ነው። አውሮፕላኑም በዕለቱ የተመደበላችሁ ነው። አሁን መራጮቹ እናንተ ናችሁ።

ብዙ ሰው የሰዓት ዋጋ በማወዳደር ይጀምራል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ርካሹን ፈልጌ አገኘሁና ተመዘገብኩ። በመጀመሪያው ዓመት የበረርኩት ግን በጣት የሚቆጠር ሰዓት ነው። ኤርፖርቱ ሩቅ ነበር። አውሮፕላኑ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቅዳሜና እሁድ ሁሌ ተይዟል። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ሳልበር ቆይቼ ስመለስ፣ ሳሳርፈው አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ ነጠረብኝ። ስሮትሉን፣ ማለት የሞተሩን ጉልበት መስጫ፣ ገፍቼ እንደገና ተነሳሁ። ዞሬ እስክመለስ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ቶሎ ቶሎ እንድበር የሚያደርገኝ የቱ ነው? ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይነሳል።

1. ለምን እንደምትበሩ ወረቀት ላይ አስፍሩ

በሚቀጥለው አንድ ዓመት በእውነት ልታደርጉት የምትችሉትን ጻፉ፣ የምትመኙትን ተዉት። ከሥራ በኋላ የአንድ ሰዓት በረራ ነው? ቤተሰብ ይዞ ጎረቤት ከተማ ደርሶ መመለስ ነው? ሌላ ቦታ ማደር አለ? የማታ በረራ ትፈልጋላችሁ? በመሣሪያ የመብረር ሥልጠና አስባችኋል?

መልሱ ሁለት መስመር ቢሆን ይበቃል። ግን ይጻፍ። አብዛኛው በረራችሁ ብቻችሁን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ከሆነ፣ በዓመት አንዴ ለሚመጣ የአራት ሰው ጉዞ ብላችሁ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ አውሮፕላን መክፈል የለባችሁም።

2. የኤርፖርቱን ርቀት በደቂቃ ለኩ

ካርታ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ማለት ምንም አይነግራችሁም። ለመብረር በምታስቡበት ሰዓት፣ በዚያው ቀን መኪና ይዛችሁ ሂዱና ሰዓት ያዙ። ከቤት በር እስከ አውሮፕላኑ ክንፍ ድረስ ነው የሚለካው። የጥበቃ በሩ፣ ፍተሻው፣ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሃንጋሩ ያለው የእግር መንገድ ሁሉ ይቆጠራል።

ከዚያ ደግሞ ከሞተር ማስነሻ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ያለውን ጊዜ ጠይቁ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ትልቅና ሥራ የበዛበት ኤርፖርት ላይ ሞተር አስነስቶ መጠበቅ አለ። ፈቃድ መጠየቅ፣ ረጅም ታክሲ ማድረግ (አውሮፕላኑን መሬት ላይ መንዳት)፣ ተራ መያዝ። በአንድ በረራ 18 ደቂቃ ብቻ ተጨማሪ ባከነ እንበል። ይሄ በቆጣሪው ላይ 0.3 ሰዓት ነው። በዓመት 40 ጊዜ ብትበሩ 12 ሰዓት መሬት ላይ ቆማችሁ ከፈላችሁ ማለት ነው። በሰዓት ትንሽ የሚወደደው፣ ግን ወዲያው የሚያስነሳው ትንሽ ሜዳ በመጨረሻ ርካሽ ሊሆን ይችላል።

3. የማኮብኮቢያውን ቁጥሮች አንብቡ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። የአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የሚያወጣው የበረራ መረጃ መጽሐፍ ውስጥ የየማኮብኮቢያው ርዝመት፣ ስፋት፣ ንጣፍ፣ ከባህር ጠለል ያለው ከፍታና በዙሪያው ያሉ መሰናክሎች ተጽፈዋል። ይህንን አውጥታችሁ ከአውሮፕላኑ ማኑዋል ጋር አስተያዩት።

ሴስና 172ኤስን እንውሰድ። በሙሉ ክብደቱ፣ በባህር ጠለል ላይ፣ በመደበኛ የአየር ሁኔታና ያለ ንፋስ ሲነሳ 293 ሜትር ያህል መሬት ላይ ይሮጣል። 15 ሜትር ከፍታ ያለው መሰናክል ለማለፍ ደግሞ 497 ሜትር ያህል ይፈጃል። ይሄ ቁጥር የተገኘው በአዲስ አውሮፕላንና በባለሙያ የሙከራ አብራሪ ነው። የእናንተ አውሮፕላን ብዙ ዓመት ያገለገለ ሊሆን ይችላል። ሣር ላይ ከሆነ ይረዝማል። ከኋላ ንፋስ ካለ፣ ለየ2 ኖቱ (ኖት በሰዓት አንድ የባህር ማይል ነው) 10 በመቶ ጨምሩ ይላል ማኑዋሉ። ይሄ እስከ 10 ኖት ድረስ ነው።

ከፍታና ሙቀት ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። መደበኛው ሙቀት በባህር ጠለል 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሳል። አንድ ኤርፖርት 5,000 ጫማ ላይ ነው እንበል። እዚያ መደበኛው ሙቀት 5 ዲግሪ ነው። ቀኑ ግን 30 ዲግሪ ሞቋል። ልዩነቱ 25 ነው። ልዩነቱን በ120 አባዙት፤ 3,000 ይመጣል። አውሮፕላኑ 8,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው። አብራሪዎች ዴንሲቲ አልቲቲዩድ የሚሉት ይሄንን ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ይሳሳል፣ ክንፉ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የኤርፖርቱን ከፍታና የቀኑን ሙቀት ይዛችሁ የማኑዋሉን ሠንጠረዥ ክፈቱ። በዓመቱ በጣም በሞቀው ቀን ከሰዓት በኋላ ያለው ቁጥር ካላማራችሁ፣ ሌላ ኤርፖርት ወይም ጉልበት ያለው አውሮፕላን ያስፈልጋችኋል። ወይም ማለዳ ብቻ እንደምትበሩ አሁኑኑ እወቁት።

ቀጥሎ አቅጣጫው። 09 የተባለ ማኮብኮቢያ በማግኔት ኮምፓስ ወደ 90 ዲግሪ ያያል ማለት ነው። በሌላኛው ጫፍ 27 ይባላል። የአካባቢው ንፋስ ብዙ ጊዜ ከየት እንደሚነፍስ ጠይቁና ከዚህ ጋር አስተያዩት። ንፋሱ 20 ኖት ሆኖ ከማኮብኮቢያው በ30 ዲግሪ ቢመጣ፣ የጎን ንፋሱ 10 ኖት ነው። በ60 ዲግሪ ከመጣ ግን 17 ኖት ይሆናል። በ172 ማኑዋል ላይ የተመዘገበው የጎን ንፋስ 15 ኖት ነው። ይሄ በሙከራ የታየው እንጂ የአውሮፕላኑ ገደብ አይደለም። ለአዲስ አብራሪ ግን ከዚያ ብዙ ዝቅ ያለ የራስ ገደብ ያስፈልጋል። አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ያለው፣ ንፋሱም ዘወትር ከጎን የሚመጣበት ኤርፖርት ከመረጣችሁ፣ ብዙ ቅዳሜዎች ከሃንጋሩ ሳትወጡ ያልፋሉ። የሚሻገሩ ሁለት ማኮብኮቢያዎች ያሉት ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ሳላየው የማልመዘገብበት። የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ከማኮብኮቢያው ሁለቱም ጫፎች ቀጥሎ ያለውን መሬት ተመልከቱ። እርሻ ነው? ገደል ነው? ጣራ ለጣራ የተያያዘ ሰፈር ነው? እንደተነሳችሁ በ300 ጫማ ላይ ሞተር ቢጠፋ ያን ጊዜ መፈለግ አይቻልም። አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ከፊት ለፊት ወዳለው ነገር መሄድ ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

4. ታወር ያለው ወይስ የሌለው?

ሁለቱም ይሆናል። ታወር ማለት በረራውን በራዲዮ የሚመራው የመቆጣጠሪያ ማማ ነው። ታወር ያለበት ቦታ የራዲዮ ንግግራችሁ ይሳላል፤ ትልልቅ ኤርፖርቶች ስትሄዱም አትደነግጡም። በሌላ በኩል ከትልልቅ አውሮፕላኖች ጋር መንገድ ትጋራላችሁ። ከእነሱ ኋላ የሚቀረው የአየር አዙሪት ትንሽ አውሮፕላን ሊገለብጥ ይችላል፤ ስለዚህ መጠበቅ ይበዛል። ታወር የሌለበት ቦታ ቀለል ይላል። ሁሉም በአንድ ሞገድ ላይ ያለበትን እየተናገረ ይበራል። ግን አንዳንዱ ራዲዮ የለውም፣ አንዳንዱ የተሳሳተ ሞገድ ላይ ነው። ዓይን ከመስኮት መነቀል የለበትም።

የእኔ ምክር ይሄ ነው፤ የተማራችሁት ታወር ባለበት ከሆነ ታወር የሌለበትን አትፍሩት። ታወር በሌለበት ከተማራችሁ ደግሞ ከተቻለ ብዙ ሳይርቅ ታወር ያለው ጎረቤት ያለውን ሜዳ ምረጡ። ሁለቱም ልምድ እንዳይርቃችሁ ይረዳል።

5. የአየር ጠባዩንና አገልግሎቱን አጣሩ

ወንዝ ወይም ሐይቅ አጠገብ ያለ ሜዳ ጠዋት ጠዋት ጉም ሊይዘው ይችላል። ተራራ ሥር ያለው ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። የሚኖሩበትን ሰዎች መጠየቅ ከሁሉ ይሻላል። ኤርፖርቱ የአየር ሁኔታ መረጃ የሚያስተላልፍ ከሆነ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠዋትና ማታ እያያችሁ በማስታወሻ ያዙ።

ነዳጅ አለ ወይ? ስንት ሰዓት ይዘጋል? የማኮብኮቢያ መብራት አለ ወይ? መካኒክ እዚያው ይገኛል? ይሄ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። መካኒክ በሌለበት ሜዳ አንዲት የተነፈሰች ጎማ የአንድ ሳምንት በረራ ታስቀራለች።

6. አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄዳችሁ ቁጭ በሉ

ምንም ሳትከራዩ ሂዱ። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ስንት አውሮፕላን እንደሚነሳ ቁጠሩ። ሰው ሲመለስ አውሮፕላኑን እንዴት ያስቀምጠዋል? ያስረዋል? የፍጥነት መለኪያውን ቱቦ ይሸፍናል? ዘይት የፈሰሰበትን ይጠርጋል? የሚከራዩትን ሰዎች አነጋግሩ። «ቅዳሜ ለመብረር ስንት ቀን ቀደም ብላችሁ ትይዛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሦስት ሳምንት» ካሏችሁ ነገሩ አልቋል። ለስንት ተከራይ ስንት አውሮፕላን እንዳለም ጠይቁ። ቁጥሩን ለመናገር የሚያመነታ አከራይ ራሱ መልስ ሰጥቷችኋል።

7. አከራዩንና የሒሳቡን አያያዝ ለዩ

አውሮፕላን የሚገኘው በአብዛኛው ከሦስት ቦታ ነው፤ ከበረራ ትምህርት ቤት፣ ከበረራ ክለብ ወይም ከግለሰብ ባለቤት። ትምህርት ቤት ብዙ አውሮፕላን አለው፤ ቅድሚያ ግን ለተማሪ ነው፤ አውሮፕላን ይዞ ማደርንም ብዙም አይወደውም። ክለብ ወርሃዊ መዋጮ ይጠይቃል፤ ሰዓቱ ግን ይረክሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። መዋጮው በወር 60 ቢሆን፣ በሰዓት ደግሞ 30 ቢያተርፋችሁ፣ ክለቡ የሚያዋጣችሁ በወር ከ2 ሰዓት በላይ ከበረራችሁ ነው። ከግለሰብ መከራየት ጥሩ ሰው ከተገኘ ደስ ይላል፤ ግን ወረቀቱንና ኢንሹራንሱን ሁለት ጊዜ ነው የምታዩት።

ዋጋ ስታወዳድሩ መጀመሪያ «ነዳጅ ይጨምራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ «በየትኛው ቆጣሪ?» በሉ። ሆብስ የሚባለው ቆጣሪ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ከተነሳ ጀምሮ እንደ ማንኛውም ሰዓት ይቆጥራል። ታክ የሚባለው ግን ከሞተሩ ዙር ጋር ይሄዳል። ዙሩ ዝቅ ሲል ቆጣሪውም ይዘገያል። ስለዚህ ታክ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ያነሰ ያሳያል። አንዱ በሆብስ 100 ቢጠይቅ፣ ሌላው በታክ 115 ቢጠይቅ የቱ ይረክሳል? አንድ ሰዓት በሆብስ፣ በታክ 0.8 ከሆነ፣ 115 በ0.8 ሲባዛ 92 ነው። የተወደደ የመሰለው ረከሰ።

አውሮፕላኑን ይዛችሁ ለማደር ካሰባችሁ በቀን የሚከፈለውን ዝቅተኛ ሰዓት ጠይቁ። በቀን 2 ሰዓት ከሆነና ሦስት ቀን ከቆያችሁ፣ የበረራችሁት 3 ሰዓት ቢሆንም የ6 ሰዓት ትከፍላላችሁ። ሌላ ቦታ ነዳጅ ብትሞሉ በስንት እንደሚያስቡላችሁ፣ አየሩ ተበላሽቶ ወይም አውሮፕላኑ ተሰብሮ ሩቅ ብትቀሩ ማን ምን እንደሚከፍል በጽሑፍ ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር ችግር ሲመጣ አይገኝም።

8. አውሮፕላኑን መጀመሪያ በስሌት ምረጡ

በኪራይ ገበያ ላይ አብዝታችሁ የምታገኙት ሴስና 172 ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ገበያ ከገባ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል። ከ1986 እስከ 1996 ግን ምርቱ ተቋርጦ ነበር። ለዚህ ነው ኪራይ ላይ ያሉት ወይ በጣም ያረጁ ወይ አዲስ ቀመስ የሆኑት።

አራት ወንበር አለው ማለት አራት ሰው ይጭናል ማለት አይደለም። በ172ኤን ሞዴል እናስላው። ከፍተኛው ክብደት 1,043 ኪሎ ነው። የአንዱ አውሮፕላን ባዶ ክብደት በሚዛን ወረቀቱ ላይ 680 ኪሎ ነው እንበል። 363 ይቀራል። የተለመደው ታንክ ሲሞላ ለበረራ የሚውለው ነዳጅ 151 ሊትር ነው። አቭጋዝ የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን በሊትር 0.72 ኪሎ ስለሚመዝን 109 ኪሎ ይሆናል። ለሰውና ለሻንጣ 254 ኪሎ ቀረ። 80 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ሰዎችና አንዲት ትንሽ ሻንጣ፤ በቃ። አራት ሰው ከጫናችሁ ለነዳጅ የሚቀረው 43 ኪሎ ነው፤ ወደ 60 ሊትር። በሰዓት 32 ሊትር ቢበላ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ያስኬዳል። ለቀን በረራ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ሲቀነስ 1 ሰዓት ከ20 ይቀራል። ይሄን ስሌት በምትከራዩት አውሮፕላን የራሱ ወረቀት ሥሩት፤ ሁለት አንድ ዓይነት አውሮፕላኖች እንኳ ባዶ ክብደታቸው ይለያያል። የክብደቱ መሃል የት እንደሚያርፍም አብራችሁ አስሉ። ኋላ ከበዛ አፍንጫውን ማስተካከል ያስቸግራል።

ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ሴስና 152 ነዳጅ አይበላም፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ግን ሙሉ ክብደቱ 757 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለት ከበድ ያሉ ሰዎችና ሙሉ ነዳጅ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ።

ፓይፐር ፒኤ-28 ቤተሰብ ክንፉ ከታች ነው፤ በሩም አንድ ብቻ፣ በቀኝ በኩል። ከሴስና ለሚመጣ ሰው ዋናው ለውጥ ነዳጁ ላይ ነው። በ172 የነዳጅ መምረጫው ሁለቱንም ታንኮች አንድ ላይ ይከፍታል። በፒኤ-28 ግን ወይ ግራ ነው ወይ ቀኝ። በየግማሽ ሰዓቱ መቀየር አለባችሁ። አንደኛው ታንክ ሞልቶ ሳለ በሌላው ባዶ ታንክ ሞተር ማጥፋት ይቻላል፤ በርግጥም ሰዎችን ገጥሟቸዋል። ዳይመንድ ዲኤ40 ደግሞ መሪው በእጅ የሚያዝ ዘንግ ነው። የአፍንጫ ጎማው በነፃ ስለሚዞር መሬት ላይ የሚታጠፈው በፍሬን ነው። ጥቂት ሰዓት ልምድ ይፈልጋል፤ አየር ላይ ወጥታችሁ ስታዩ ግን ዕይታው ያማረ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ አውሮፕላኖችም አንድ አይደሉም። 172ኤን ፍላፑ፣ ማለት ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል፣ እስከ 40 ዲግሪ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከመጣው 172ፒ ጀምሮ በ30 ዲግሪ ይቆማል። በ40 ፍላፕ ተወርዶ እንደገና ለመነሳት ሲሞከር አውሮፕላኑ እንደከበደ ይሰማችኋል። የፍጥነት መለኪያውንም ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት በተሠሩት ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በማይል ነው። በኖት የለመደ ሰው መርፌው 65 ላይ ሲደርስ ልክ ነኝ ይላል፤ እውነተኛው ፍጥነት ግን 56 ኖት ገደማ ነው። ለማረፍ በሚቀርብበት ጊዜ ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

9. በእጃችሁ ዳስሱ፣ መዝገቡን አንብቡ

አንድ ጊዜ የተከራየሁት 172 ላይ ወንበሬን ወደፊት ስቤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተቆለፈ ብዬ ቀበቶ ላስር ስል አስተማሪዬ ድሮ ያሳየኝ ነገር ትዝ አለኝ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ በጀርባዬ ገፋሁት። ወንበሩ ሐዲዱን ይዞ እስከ ኋላ ሸሸ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሐዲዱ ቀዳዳዎች ተበልተው ክብነታቸው ጠፍቷል፤ መቆለፊያዋ ዘንግ ጫፉን ብቻ ነበር የነካችው። ያ በመነሳት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ኋላ ስሸሽ መሪውን ይዤ እስብ ነበር፤ አፍንጫው ሽቅብ ይሄድ ነበር። ብልሽቱን ጽፌ ቁልፉን መለስኩ። የወንበሩን ቁልፍ በዓይን አትመኑት። ግፉት።

ሌላውም እንዲሁ በእጅ ነው። የፕሮፔለሩን የፊት ጠርዝ በጣት ሂዱበት፤ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካለ መካኒክ ይየው። ጎማው ላይ ክሩ ከታየ አትብረሩበት። የሞተሩ መሸፈኛ ውስጥ አጎንብሳችሁ በባትሪ እዩ፤ ወፍ ጎጆ ለመሥራት ሁለት ቀን አይፈጅባትም። ነዳጅ ከሥር ቅዱ። 100ኤልኤል አቭጋዝ ሰማያዊ ነው። ውሃ ካለ ከታች እንደ ዶቃ ይሰበሰባል። ቀለም የሌለው ከሆነ ደግሞ ከላይ ምንም መስመር ባይታይ እንኳ ተጠራጠሩ፤ የቀዳችሁት በሙሉ ውሃ ወይም የጄት ነዳጅ ሊሆን ይችላል። በ172ኤስ ላይ 13 መቅጃ ቦታዎች አሉ። አሥራ ሦስቱንም ቅዱ። ቀጥላችሁ መሰላል ላይ ወጥታችሁ የታንኩን ነዳጅ በመለኪያ ዘንግ ለኩት። የነዳጅ መለኪያ መርፌን የሚያምን አብራሪ ገና አላየሁም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። አከራዩ አጠገባችሁ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ካየ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጣችሁ አሁኑኑ አይታችሁታል።

ወረቀቱ ላይ የአየር ብቃት ምስክር ወረቀቱን፣ ምዝገባውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የዚያው አውሮፕላን ማኑዋልና የመጨረሻውን የሚዛን ወረቀት እዩ። ቀጣዩ ምርመራ በስንት ሰዓት እንደሆነ ከቆጣሪው ጋር አስተያዩት። ከሁሉም በላይ ግን የብልሽት መዝገቡን ወደ ኋላ ገልብጡ። ያልተበላሸ አውሮፕላን የለም፤ የሚታየው አመላለሱ ነው። «የግራ ፍሬን ደካማ ነው» ተብሎ በተጻፈ በሁለተኛው ቀን የመካኒክ ፊርማ ካለ፣ ጥሩ ቤት ነው። አንዱ ብልሽት በሦስት አብራሪዎች፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተጽፎ ከጎኑ ባዶ ከሆነ፣ አመስግናችሁ ውጡ። መዝገቡ ላይ ምንም የተጻፈ ከሌለም አትደሰቱ፤ ሰዎች መጻፍ ትተዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

10. ኢንሹራንሱን ራሳችሁ አንብቡ

«ኢንሹራንስ አለን» ማለት ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ዋስትና አለው ማለት ነው። አውሮፕላኑ በእናንተ እጅ ቢጎዳ መድን ድርጅቱ ለባለቤቱ ከፍሎ ገንዘቡን ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። ሦስት ነገር ጠይቁ። ተከራዩ አብራሪ በውሉ ተሸፍኗል? ጉዳት ቢደርስ ከኪሴ የምከፍለው ድርሻ ስንት ነው? በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳትስ? ክፍተት ካለ ለተከራይ አብራሪ የሚሸጥ የራሱ ኢንሹራንስ ባለበት አገር እሱን መግዛት ይገባል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በቃል የነገረቻችሁ አይበቃም፤ የውሉን ገጽ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

11. የቼክ አውት በረራውን እናንተም መመዘኛ አድርጉት

ከማከራየታቸው በፊት ከአስተማሪ ጋር አብራችሁ እንድትበሩ ይጠይቃሉ። ብዙ ሰው ይሄን ፈተና አድርጎ ያየዋል። እናንተም እየፈተናችሁ ነው። ከበረራው በፊት ማኑዋሉን ተውሳችሁ ቤት አንብቡ፤ ፍጥነቶቹን በአንዲት ወረቀት ጻፉ። ጋርሚን ጂ1000 የመሰለ ባለ ስክሪን ከሆነና እናንተ በክብ መለኪያዎች ከተማራችሁ፣ መሬት ላይ ከውጭ ኃይል ጋር ተያይዞ አንድ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ነካኩት። ከሞተር ኪራይ በጣም ይረክሳል።

በበረራው ላይ አስተማሪው ሦስት ማረፊያ አይቶ «በቃ፣ ጥሩ ነህ» ካለ፣ ይበልጥ ጠይቁት። ስቶል (ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ሁኔታ)፣ ፍላፕ ሙሉ ወርዶ እንደገና መነሳት፣ በጎን ንፋስ ማረፍ፣ ሞተር እንደጠፋ ሆኖ ሜዳ መምረጥ። ከመነሳታችሁ በፊት የማግኔቶ፣ ማለት ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል፣ ምርመራ ላይም ትኩር በሉ። በ172ኤስ በ1,800 ዙር ላይ እያንዳንዱ ከ150 በላይ መውረድ የለበትም፤ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነትም ከ50 አይበልጥም። ቁጥሩ ከዚህ ሲያልፍ አስተማሪው «ይሄ ሁሌም እንዲህ ነው» ካለ፣ የቤቱን ጠባይ ነገራችሁ።

ድርጅቱ በስንት ቀን አንዴ እንድትበሩ እንደሚያስገድድም ጠይቁ። በብዙ አገሮች ሕጉ ሰው ለመጫን በ90 ቀን ውስጥ ሦስት መነሳትና ሦስት ማረፍ ይጠይቃል። አንዳንድ አከራይ ይሄን ወደ 60 ወይም 30 ቀን ያወርደዋል። አጭሩን የሚጠይቀውን አትሽሹት፤ ለእናንተም ይበጃል።

12. ከመጽናታችሁ በፊት አንድ ወር ሞክሩ

የዓመት መዋጮ ቀድማችሁ አትክፈሉ። በመጀመሪያው ወር ሦስት በረራ ያዙ፤ አንዱን በሥራ ቀን፣ አንዱን ቅዳሜ፣ አንዱን ሌላ ኤርፖርት ደርሶ ለመመለስ። ስንቱ በተያዘበት ሰዓት እንደተነሳ ጻፉ። አውሮፕላኑ ሲሰበር ደውለው ይነግሯችኋል ወይስ እዚያ ደርሳችሁ ነው የምታውቁት? ከተቻለ ሁለት ዓይነት አውሮፕላን ላይ ቼክ አውት አድርጉ። አንዱ ምርመራ ሲገባ በሌላው ትበራላችሁ።

በዚያ ወር ውስጥ አንድ ቀን አየሩ አጠራጣሪ ይሆናል። ደመናው ዝቅ ብሎ፣ ንፋሱ ከገደባችሁ ትንሽ አልፎ። ያን ቀን ስልክ ደውላችሁ «አልበርም» በሉ። ከዚያ የሚመልሱላችሁን በደንብ ስሙ። እኔ አሁን ያለሁበት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ደውዬ ስቀር ስልኩን ያነሳችው ልጅ ቅጣት አልጠቀሰችም። «መቼ ልያዝልህ?» ብቻ ነው ያለችኝ። የዚያኑ ዕለት መዋጮዬን ከፈልኩ።